ሚዶህን የነቀልኩ ዕለት

ውድ ሸምበቆ፣

«እንደምን ሰነበትክ፤ እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩት። ውሸት መጻፍ እንደ ማውራት አይቀልም ለካ። ደህና አይደለሁም። ዓሣህ አለቃ ከአኳሪየሙ ጥግ ያለው ማፍሰሻ ሳጥን ውስጥ ወድቋል። ካገኘሁት ዛሬ ሰባተኛ ቀን ነው። በሕይወት አለ፤ ግን ላወጣው አልቻልኩም።

ይኸው ተናገርኩት። ስትሄድ በሩ ላይ ቆመህ ያልከኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ዓሣዎቹን አደራ፣ በተለይ አለቃን»። ደንበኞቹን አደራ አላልክም። ወንበርህን አደራ አላልክም። ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ስንት ሺህ ራስ ስናስተካክል ኖረን፣ የተውክልኝ አደራ አንድ ዓሣ ነው። እሱንም አልጠበቅኩልህም።

ዛሬ ሰኞ ነው፤ ቤቱ ዝግ ነው። በርጩማ ስቤ መስታወቱ ሥር ነው የምጽፈው። ወንበርህ አጠገቤ አለ፣ ፎጣ አልብሼዋለሁ። ማንም አልተቀመጠበትም። ደንበኞች «ይሄ ተበላሽቷል እንዴ?» ሲሉኝ «ወረፋ ተይዞለታል» እላቸዋለሁ። አንዱ ባለፈው «ወረፋ የያዘው ሰውዬ ጸጉሩ እስኪያድግ ነው የሚጠብቀው?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። እኔም ሳቅኩ። አንተ ብትኖር ከዚያ የባሰ ትመልስለት ነበር።

እንዴት እንደገባ ልንገርህ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሌላ የማላክክበት ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ።

አኳሪየሙን ያመጣህ ቀን «ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ዓሣ እያየ አይሄድም» አልከኝ። «ጸጉር ቤት ነው የምንከፍተው ወይስ የባሕር ዳርቻ?» ብዬ ሳቅኩብህ። ልክ ነበርክ፣ ማንም አልሄደም። ከአሮጌው ቤት ወደዚህ ስናዛውረው ግን የሳጥኑ ጥርሶች ተሰበሩ። ውሃው በእነዚያ ጥርሶች መሀል አልፎ ወደ ጠባቡ ጥቁር ሳጥን ይወርዳል፤ ከዚያ በቱቦው ታች ወርዶ፣ ተጣርቶ፣ በፓምፕ ተገፍቶ በሌላ ቱቦ ተመልሶ ይመጣል። ጥርሶቹ ሥራቸው ውሃውን ማሳለፍ፣ ዓሣውን መከልከል ነው። አራቱ ሲረግፉ እኔ «አዲስ እናስመጣ» ስል አንተ ጥቁሯን ቀጭን ሚዶ አነሳህ፣ በመጋዝ ለሁለት ከፈልካት፣ ግማሿን ክፍተቱ ላይ በሲሊኮን ለጠፍክ። «ጸጉር ያበጠረ ውሃ ማበጠር አያቅተውም» አልክ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ዓሣ አላሳለፈችም። ጠዋት ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስታጸዳት «ሚስትህ ናት እንዴ?» እያልኩ እቀልድብህ ነበር።

አለቃ ከመጥፋቱ በፊት ያለው ቅዳሜ ነው። ስምንት ሰው ተደርድሯል፤ ድሮ ለሁለት እንካፈለው የነበረውን አሁን ብቻዬን ነኝ። ቀጭኗ ሚዶዬ ከእጄ አመለጠችና አንዱ ደንበኛ ጫማ ሥር ገብታ እንክት አለች። ሌላ ፈለግኩ። የቀሩት ሁሉ ጥርሳቸው ሰፋፊ ነው፤ በእነሱ የጆሮ ዙሪያ እንደማይስተካከል ታውቃለህ። ቀጫጭኖቹ ያንተ ነበሩ፤ ጠቅልለህ ሄደሃል። ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ ግማሽ ራሱ ተስተካክሎ ግማሹ እንደ ነበረ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። ዓይኔ አኳሪየሙ ላይ አረፈ። እጄን ሰድጄ ሚዶህን ያዝኳት። በቀላሉ አልወጣችም፣ አጥብቀህ ነው የለጠፍካት፤ ሁለት ጊዜ ስቤ ነቀልኳት። በአልኮል ጠረግኳትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ግማሽም ብትሆን ጥሩ አድርጋ ሠራች። «ስዘጋ እመልሳታለሁ» አልኩ።

ስዘጋ ረሳኋት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እኔ ግን የፈታሁት አንተ ተረጋግተህ ያሰርከውን ነው።

ማክሰኞ ከአሥር ሰዓት በኋላ መምህሩ መጣ። ጆሮው ድኗል፣ እሱን ኋላ እነግርሃለሁ። እንደ ልማዱ አኳሪየሙ ፊት ቆሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዓሣዎቹን በተራ መቁጠር ጀመረ፤ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራው ማለት ነው።

«አንድ ቀሪ አለ» አለኝ።

«ማን ነው የቀረው?»

«አለቃ። አስፈቅዷል?»

«አለቃ ማንን ያስፈቅዳል መምህር? ከድንጋዩ ኋላ ይሆናል።»

ከድንጋዩ ኋላ የለም። ከመመለሻው ቱቦ ሥር የለም። መሬት ላይ ወድቆ ደርቆ እንደሆነ ብዬ በሆዴ ተኝቼ ከቁም ሳጥኑ ሥር አየሁ፤ ያገኘሁት የጸጉር ብናኝ ብቻ ነው። ቀና ስል መምህሩ ወደ ሳጥኑ አፍ ጎንበስ ብሏል። የስልኬን መብራት አበራሁበት። ታች፣ ሁለቱ ቱቦዎች መሀል፣ ያቺ ጫፏ የተቆረጠች ጭራው ታየችኝ። ሚዶህ የነበረችበት ቦታ እኔን ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ሳጥኑ ጠባብ ነው። አንተ ስታጸዳው እስከ ብብትህ ድረስ ትገባለህ፤ የሸምበቆ ክንድ ነዋ። የእኔን ክንድ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ በርሜል ያልከኝ በከንቱ አይደለም። ቢሆንም እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁ። ክርኔ ጋ ስደርስ ተቀረቀርኩ። ወደ ታች አልሄድም፣ ወደ ላይም አልወጣም። ወንበር ላይ ያለው ደንበኛ ጨርቁን አንገቱ ላይ እንዳሰረ ተነስቶ መጣ፤ ወረፋ የሚጠብቁትም ተሰበሰቡ። አንዱ «ሳሙና ቀባው፣ ይንሸራተታል!» አለ። «ሳሙናማ ዓሣውን ይገድለዋል!» ብዬ ጮህኩ። «ታዲያ እጅህ ይቆረጥ?» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ዓሣ በብልሃት ይበላል ሲባል አልሰማህም?» ብሎ ሊያስተምረኝ ፈለገ። ጉንጬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ለሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ። አንድ ጊዜ የጭራው ጫፍ የመሀል ጣቴን ነካ አደረገኝ። የደረስኩበት እስከዚያ ነው። እጄን ያወጣሁት ቆዳዬን ጥዬ ነው።

በማግስቱ ከጎረቤታችን፣ ከሴቶች ጸጉር ሠሪዋ፣ የጸጉር መረብ ለምኜ በሽቦ ላይ ሰፋሁ። ያቺን የምታውቃትን ማለቴ ነው፣ ስትሄድ ያለቀሰችልህን። መረቡ አልፎ አልፎ ቱቦው ላይ እየተያዘ አስቸገረኝ። በጉልበት ስበው ከመረቡ ጋር ሁለት ቅርፊት ተያይዞ ወጣ፤ እንደ ጥፍር የሚያክል፣ ቀይ። እጄ ላይ አድርጌ አየሁት። ከዚያ በኋላ መረቡን አላስገባሁም።

ሐሙስ ቱቦውን በተጠቀለለ ፎጣ ደፍኜ ሳጥኑን በውሃ ሞላሁት። ውሃው ከፍ ሲል አብሮ ከፍ ብሎ ይወጣል ብዬ ነው፤ ይህን ሐሳብ ያመጣው መምህሩ ነው፣ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ውሃውን አንተ እንዳስተማርከኝ ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን አሳድሬዋለሁ። ሳጥኑ እስከ አፉ ሞላ። አንድ ክንድ ብቻ ከፍ ቢል ነፃ ነው፤ መንገዱ ተከፍቷል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በርጩማ ላይ ሆኜ ለመንኩት። «ና አለቃ፣ ና የኔ ጌታ፣ ከላይ ክፍት ነው» እላለሁ። እሱ ከታጠፈው ቱቦ ሥር ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ታች ፓምፑ ውሃ አጥቶ ሲያጓራ ፎጣውን ነቀልኩ፤ ውሃውም ወረደ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እልኸኛ ዓሣ ነው፤ ማን እንዳሳደገው አውቃለሁ።

የምወረውርለትን ምግብ ግማሹን ቱቦው ይውጠዋል። ጠዋት ጠዋት ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው በመብራት ማየት ነው። አለ። ከዚያ የቀረውን ቀን እዚህ ቆሜ የሰው ራስ አስተካክላለሁ፣ እሱ እዚያ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ታች ይተነፍሳል። እጅ ማጠር እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ረቡዕ ዕለት ደውዬልሃለሁ። ስልክህ ዝግ ነው። እህትህ ጋ ደወልኩ። «ተኝቷል» አለችኝ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ነበር፤ ከኋላዋ ያቺን ደረቅ ሳልህን ሰማኋት። እህትህ ውሸት አይሆንላትም፣ ድምፅዋ ያስታውቃል።

«እትዬ፣ ዓሣው ሳጥን ውስጥ ገብቷል ብለሽ ንገሪልኝ» አልኳት።

«የቱ ሳጥን?»

«እሱ ያውቀዋል።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እጁን ኪሱ ከቶ ነው የሚውለው። ሲበላ እንኳ እንዳላየው ዞር ብሎ ነው» አለችኝ። «አይዞሽ» ብዬ ዘጋሁ። «አይዞሽ» ማለት ምን እንደሚጠቅም እኔ እንጃ።

ሸምበቆ፣ ይህ ደብዳቤ ስለ ዓሣው ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ገጽ ይበቃው ነበር። ሌላ የምናዘዘው አለኝ። ወንበርህን አየሁና ብዕሬን አስቀመጥኩ፣ መልሼ አነሳሁ። እንግዲህ ልጻፈው።

እጅህ መንቀጥቀጥ የጀመረው የመምህሩ ጆሮ ከመቆረጡ ከብዙ ወራት በፊት ነው፤ እኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ ያየሁት የውሃ መርጫውን ይዘህ ነው። ከዚያ ሚዶው የደንበኛውን ጆሮ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ አየሁ። በሁለታችንም ፊት መስታወት አለ፤ እኔ በመስታወት እያየሁህ ነበር፣ አንተም በመስታወት እያየኸኝ ነበር። አንድም ቀን አልተናገርኩም። ይልቅ ምላጭ የሚፈልግ ደንበኛ ሲገባ «ና ወንድሜ፣ ወደዚህ፣ አንተ ዛሬ ቸኩለሃል» እያልኩ ወደ እኔ ወንበር መጎተት ጀመርኩ። ያልቸኮለውን ሁሉ አስቸኮልኩት። አንተ ደግሞ ፎጣ ታጥፋለህ፣ ዓሣ ትመግባለህ፣ የታጠፈውን ፎጣ እንደገና ታጥፋለህ። ሰፈሩ በሙሉ ስለ እጅህ ያወራ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ካንተ በቀር ያልሰማ አልነበረም። ወይም ሰምተህ ዝም ብለሃል።

የመምህሩ ጆሮ በምላጭህ ሲቆረጥ ደሙ ትንሽ ነበር። ጥጥ ይዘህ ስትጫነው ግን እጅህ ከቅድሙ ይልቅ ተንቀጠቀጠ፣ ጥጡ አልቆም አለህ። እሱ «ምንም አይደል፣ ሌላ አንድ አለኝ» ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ምላጭህ ጠፋች። የአባትህን ምላጭ፣ እጀታዋ ቀንድ የሆነችውን። አልጠፋችም። እኔ ነኝ የወሰድኳት።

ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው። «አትላጭ» ከምለው ምላጭ ቢያጣ ይሻላል፣ ቅስሙ አይሰበርም ብዬ ነው። አንተ መሳቢያውን ገለበጥክ፣ የፎጣውን ቅርጫት ገለበጥክ። አብሬህ ፈለግኩ። ተንበርክኬ ከካውንተሩ ሥር በባትሪ አየሁልህ። ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ባጎነበስኩ ቁጥር ጭኔን ትጫነኝ ነበር። «ሰው ይወስዳል እንዴ ይህን?» አልከኝ፤ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዘመኑ ከፍቷል» አልኩህ። አሥራ አንድ ቀን ፈለግካት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ገብተህ ካፖርትህን ሳታወልቅ ቆምክ፣ ኪሴን አየህ፣ ፊቴን አየህ፣ «ገባኝ» አልክ። ዕቃህን መጠቅለል ጀመርክ። የሻንጣህ ማሰሪያ አልገባ ብሎህ ስትታገል አየሁ። ላግዝህ ነበር። እጄን ብሰነዝር መንቀጥቀጥህን አየሁ ማለት ይሆንብኛል ብዬ ተውኩ። እዚያው ቆሜ መቀስ ጠረግኩ።

«ሸምበቆ፣ እጅህ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ምን እናድርግ?» ስድስት ቃል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንተ ጋር ያላወራሁት ወሬ የለም፤ የሰው ሚስት፣ የሰው ቤት፣ የሰው ጣጣ ስናነሳ ስንጥል ኖረናል። ስድስቱ ቃላት ናቸው ጉሮሮዬ ላይ የቀሩት።

አንድ ይቀረኛል፤ ይኼኛው ከሁሉም ይብሳል።

ቅዳሜ ጸጉር ሠሪዋ መረቧን ልትጠይቅ መጥታ ሳጥኑን ጎንበስ ብላ አየች። ምንም ሳትለኝ አምባሯን አወለቀች፣ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። ክንዷን አየሁት። ልክ ነው። ያንተን ያህል ረጅም ባይሆንም ይደርሳል።

«ተዪው» አልኳት።

«ለምን? እኔ እኮ እገባለሁ።»

«ባለቤቱ ይመጣል። እሱ ያወጣዋል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

አምባሯን አጥልቃ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ይሄ ዓሣ እኮ እስከዚያ አይቆይም» አለችኝና ሄደች።

እውነቱን ልንገርህ። ዓሣው ከወጣ አንተን የምጠራበት ነገር አይኖረኝም። «ና፣ ይቅር በለኝ» ብዬ መጻፍ አልችልበትም፤ «ና፣ ካንተ ክንድ በቀር የሚገባ የለም» ብዬ መጻፍ ግን እችላለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልጽፍልህ ያሰብኩት እሱን ነበር። ዓሣህን መያዣ አድርጌ ላስመጣህ ነበር። ምላጭህን የደበቀው እጅ ዓሣህንም ሊደብቅ ነበር።

አሁን ሄጄ በመብራት አየሁት። ጎኑን አዘንብሏል። ሳንኳኳበት ይቃናል፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ያዘነብላል። ከዚህ በላይ አልችልም። ነገ ጠዋት ቤቱን ሳልከፍት እጠራታለሁ። ደብዳቤውን ነገ እጨርሰዋለሁ።

*

ማክሰኞ ጠዋት ነው።

መጣች። ቅያሜ አልያዘችብኝም፣ ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ነው የመጣችው። በርጩማው ላይ ቆማ ክንዷን አስገባች፤ እኔ ከላይ መብራት ያዝኩላት። እስከ ብብቷ ገባች። ጉንጯ እንደ እኔው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች። ከዚያ «ነካሁት። ጋሼ፣ ነካሁት! ውይ፣ ይንቀሳቀሳል!»

«ዓሣ ነዋ፣ ይንቀሳቀሳል። ከሥሩ ግቢ።»

«ሕያው ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም። አመለጠኝ። ይኸው፣ ይኸው… ያዝኩት። ጋሼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው! እለቀዋለሁ!»

አየሁት፤ ትከሻዋ ድረስ ይንቀጠቀጣል። በቃ ተዪው፣ ውጪ ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው።

«ይንቀጥቀጥ። አትልቀቂው።»

አልለቀቀችውም። ቀስ እያለች፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ሳጥኑ አፍ ድረስ አመጣችው። መዳፏ ላይ አለቃ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ቀይነቱ ጠፍቶ ግራጫ ሆኗል፣ መረቤ የላጨው ቦታ ያስታውቃል። ውሃው ውስጥ አስገብታ ጣቶቿን ከፈተች። እሷ እየሳቀች እጇን በፎጣ ስታብስ እኔ መብራቱን እንደ ያዝኩ ፊቴን ወደ መስታወቱ አዞርኩ፤ መስታወቱም ያው እኔኑ አሳየኝ። ላንተ መባል የነበረበት ቃል ለሌላ ሰው ተባለ። በዚህ ቤት ውስጥ፣ ወንበርህ አጠገብ፣ እንዲህ በቀላሉ። አለቀስኩ። «ለዓሣ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

አለቃ ይድናል ብዬ ቃል አልገባልህም። ሌሎቹ መጥተው ከበቡት፤ እሱ ጠጠሩ ላይ ተኝቶ ይተነፍሳል። የጣልኩለትን አልበላም። ሳንኳኳ ዓይኑን ወደ እኔ ያዞራል፣ አይነሳም። ከዚህ በኋላ ከእጄ የሚሆን ነገር የለም፣ ከማየት በቀር። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ አየዋለሁ፣ የሆነውንም ሁሉ ሳልደብቅ እጽፍልሃለሁ፤ ቢሞትም ሞተ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

እንግዲህ የምትመጣበት ምክንያት የለም። ሳጥኑ ባዶ ነው። ክፍተቱን ለጊዜው በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ምላጭህን ጠርጌ መሳቢያህ ውስጥ መልሻታለሁ፤ ብታነሳት ታነሳታለህ፣ ባታነሳትም እዚያው ትቀመጣለች፤ የሚደብቃት ሰው ከእንግዲህ የለም። ሐኪም ጋ እንሂድ ካልክ ቤቱን ዘግቼ አብሬህ እሄዳለሁ። አልሄድም ካልክም ቁጭ ብለን ዓሣ እናያለን። እጅህን ኪስህ ውስጥ እንድትከት ግን በዚህ ቤት አልፈቅድልህም።

መምህሩ በሚቀጥለው ማክሰኞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይመጣል። ትናንት መንገድ ላይ አግኝቶኝ «የእሱ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው» አለኝ። «አልመጣም እኮ መምህር» ብለው «ባይመጣም ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ጆሮዬንም ይዤ ነው የምመጣው» አለኝ። ፎጣውን ከወንበርህ ላይ አንስቼዋለሁ።

ይንቀጥቀጥ፣ ሸምበቆ። አንተ ብቻ ና።

ምላጭህን የሰረቀህ፣
በርሜል